ለማን ታምና ሞተች?

ፊልሙ አልቆ ስሞች መውረድ ሲጀምሩ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። በረካው ሲኒ ውስጥ እንዳለ ቀዝቅዟል። ዝምታውን የሰበረው የቤቱ ባለቤት ነው፤ የታሪክ መምህር የነበረ፣ ፍርድ ለመስጠት የማይዘገይ ወዳጄ። «ይቺማ ባንዳ ናት!» አለ። «ጓደኞቿን በሙሉ በአንድ ቀለበት ሸጠቻቸው።»

ባለቤቱ ሲኒዎቹን እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ «እነሱስ እሷን ስንት ጊዜ ሸጧት?» አለች።

ክርክሩ እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ዘለቀ። እኔም ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ደግሜ አይቼዋለሁ፤ የተነሣበትን አጭር ልብ ወለድ አንብቤያለሁ፤ ከልብ ወለዱ ጀርባ ያለውን እውነተኛ ታሪክም የቻልኩትን ያህል ተከታትያለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ እሱን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የራሳችንን ስጠራ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ፊልሙን ታይዋን የተወለደው ዳይሬክተር አንግ ሊ በ2007 ነው የሠራው። በእንግሊዝኛ «ላስት፣ ኮሽን» ይባላል፤ እኛ «ፍትወትና ጥንቃቄ» ብንለው ያስኬዳል። በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማውን አንበሳ ወስዷል። የቻይንኛው ርእስ ግን በሁለት ፊደል የተጻፈ ቅኔ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ፊደል «ሰ» ቀለም ማለት ነው፤ ፍትወትም ማለት ነው። ሁለተኛው «ጂየ» መጠንቀቅ፣ ራስን መከልከል ማለት ሲሆን፣ የጣት ቀለበት የሚጠራበት ቃልም የሚጀምረው በዚሁ ፊደል ነው። ሰሙ ከፍትወት ተጠንቀቅ የሚል ምክር ነው። ወርቁ ቀለበት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1938 ነው። ጃፓን የቻይናን ምሥራቃዊ ከተሞች ይዛለች፤ ከጓንግዡ የተሰደዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእንግሊዞች ሥር በነበረችው ሆንግ ኮንግ ተጠልለው ይማራሉ። ዋንግ ጂያዥ ከነሱ አንዷ ናት። አባቷ ወንድሟን ብቻ ይዞ እንግሊዝ አገር ሄዷል፤ እዚያም ሌላ ሚስት አግብቷል። ኩዋንግ የሚባል መልከ መልካም ተማሪ የአገር ፍቅር ቴአትር ሲያዘጋጅ ዓይን አፋሯ ጂያዥ መሪ ተዋናይት ትሆናለች። መድረክ ላይ ስታለቅስ አዳራሹ ተነሥቶ አብሯት ይጮኻል። በሕይወቷ የፈለጋት ሰው አልነበረም፤ ያን ምሽት ሕዝብ ፈለጋት። ወጣት ልብ እንዲህ ያለውን ምሽት አይረሳም።

ኩዋንግ ግን ሕዝብን በቴአትር ማስለቀስ አልበቃው አለ። ለምን አንድ ባንዳ አንገድልም? ይላል። የተመረጠው ሚስተር ዪ ነው፤ ለጃፓኖች ያደረው ወገን የስለላ ሰው። ዘዴው ያው ቴአትር ነው። ጂያዥ የአንድ ነጋዴ ሚስት መስላ፣ «ወይዘሮ ማክ» ተብላ፣ ከሚስተር ዪ ባለቤት ጋር ማጆንግ እየተጫወተች ቤቱን ትለምዳለች፤ ከዚያ ባልየውን ታጠምዳለች። ታዲያ አንድ ችግር ተገኘ። ባለትዳር ሴት ልጃገረድ ልትሆን አትችልም። ጓደኞቿ ተመካከሩ። ከወንዶቹ መካከል ሴት የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሴተኛ አዳሪዎች ጋር። እሱ «እንዲያለማምዳት» ተወሰነ። እሷ ልቧን የሰጠችው ለኩዋንግ ነበር፤ ኩዋንግ አቀርቅሮ ዝም አለ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሚስተር ዪ በድንገት ተሾሞ ወደ ሻንጋይ ይሄዳል። የከፈለችው ሁሉ ለምንም ሆነ። ምስጢራቸውን የደረሰበትን አንድ ሰውዬ ተማሪዎቹ በጩቤ ይገድሉታል፤ ግን መግደል አያውቁበትም፤ ሰውዬው ቶሎ አይሞትም፤ እየተቀባበሉ ይወጉታል። ጂያዥ በሩን ከፍታ በሌሊት ትሸሻለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሻንጋይ ውስጥ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ በራብ በተያዘች ከተማ ስትኖር ኩዋንግ ፈልጎ ያገኛታል። አሁን ከኋላው የተማሪ ማኅበር ሳይሆን የመንግሥት የስለላ ድርጅት አለ፤ አለቃው ሽማግሌው ዉ ይባላል። ተመልሳ «ወይዘሮ ማክ» እንድትሆን ይጠይቋታል፤ እሺ ትላለች። አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች፦ ለአባቷ የጻፈችውን ደብዳቤ እንዲልኩላት። ሽማግሌው እልካለሁ ብሎ ይቀበላታል፤ ዞር ስትል ያቃጥለዋል። ይህች ትዕይንት ከአንድ ደቂቃ አትበልጥም። እኔ ግን ፊልሙ የተደገፈባት ምሰሶ እሷ ትመስለኛለች።

ከዚያ በኋላ በጂያዥና በሚስተር ዪ መካከል የሚሆነው ነገር ለማየት ይከብዳል። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ለወጣቶች የተከለከለው፣ ቻይና ውስጥም ደቂቃዎች ተቆርጠውለት የታየው በነዚህ የአልጋ ትዕይንቶች ነው። ያለ ምክንያት የገቡ አይደሉም። ሰውዬው ቀን ቀን ሰው ሲያስገርፍ ይውላል፤ ማንንም አያምንም፤ ወደሷም የሚመጣው እንደ ገራፊ ነው። እሷም ለመግደል ያቀፈችውን ሰው በየቀኑ እያቀፈች፣ የትኛው ትንፋሽ የወይዘሮ ማክ፣ የትኛው የራሷ እንደሆነ መለየት ያቅታታል። ይህንን ለአለቆቿ ትነግራቸዋለች። ሰውዬው ሰውነቷን ብቻ ሳይሆን ወደ ልቧ እየተሳበ እንደሆነ፣ ቶሎ ካልጨረሱት እንደምትጠፋ በግልጽ ትናገራለች። ሽማግሌው ዉ መስማት አልፈለገም፤ ተቆጥቶ ይወጣል። ኩዋንግ ደግሞ ከረፈደ በኋላ ሊስማት ይሞክራል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ለምን አላደረግከውም ብላ ትጠይቀዋለች።

በአንጻሩ የሰማት ባንዳው ነው። ጃፓኖች በሚዝናኑበት ቤት ቁጭ ብለው፣ እንደ ሴተኛ አዳሪ ነው የምታየኝ ስትለው፣ ለጌቶቹ ራሱን መሸጥን ከሷ ይልቅ እሱ እንደሚያውቀው ይነግራታል። ትዘፍንለታለች፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ከዚያ አንድ ቀን ታላቅ የአልማዝ ቀለበት አሠርቶ ጣቷ ላይ ያጠልቅላታል። ገዳዮቹ ውጭ ቆመዋል። ቀለበቱን ታያለች፣ ፊቱን ታያለች፣ በሹክሹክታ እንዲሸሽ ትነግረዋለች። እንደ ጥይት ተፈትልኮ ያመልጣል። በዚያው ምሽት ተማሪዎቹ ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ ከከተማ ውጭ ድንጋይ በሚፈለጥበት ገደል አፋፍ ተንበርክከው ይገደላሉ። ትእዛዙን የፈረመው እሱ ነው። ጸሐፊው ቀለበቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖርለት፣ የኔ አይደለም ይላል።

እስከዚህ ድረስ የወዳጄ ፍርድ መሠረት አለው። ብዙ ሰው በሷ አንድ ቃል ሞቷል። ይህን ማስተባበል አይቻልም። አሁን ግን ፊልሙን እንተወውና ወደ ታሪኩ እንሂድ፤ ታሪኩ ሌላ ሴት ያሳየናል።

ጃፓን ማንቹሪያን የወረረችው በ1931 ነው። ቻይና ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች፤ ማኅበሩ አጣሪ ላከ፣ ወረራውን ነቀፈ፤ ጃፓን በ1933 ማኅበሩን ጥላ ወጣች፤ በዚያው ቀረ። ሙሶሊኒም ይህን ሳያስተውል አልቀረም፤ በ1935 ተራው የኛ ሆነ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ጄኔቭ ቆመው የተናገሩት ቻይናን ማዳን ላልቻለው ለዚያው ማኅበር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጃፓን ሙሉ ጦርነት ከፈተች። 1937 ሳያልቅ ሻንጋይም ናንጂንግም ወደቁ።

ሻንጋይ ግን ሁለመናዋ አልተያዘም። የውጭ አገር ሰዎች የሚያስተዳድሯቸው ሠፈሮች እስከ ዲሴምበር 1941 ድረስ ሳይነኩ ቆዩ። ቻይናውያን ያችን የከተማ ቁራሽ «ብቸኛዋ ደሴት» ይሏት ነበር። ሲኒማ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ጭፈራው አይቋረጥም፣ ስደተኛው በየጥጋጥጉ ያድራል፣ ሌሊት ሌሊት ሰው ይገደላል። በ1938 የቻይና ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ታንግ ሻዎዪን፣ ለጃፓን ሊያድሩ ነው ተብሎ፣ የጥንት ዕቃ ነጋዴ መስለው ቤታቸው የገቡ ሰዎች በመጥረቢያ ገደሏቸው። በ1940 ለጃፓን ያደረውን የሻንጋይ ከንቲባ የገደለው የገዛ ቤቱ የረዥም ጊዜ አገልጋይ ነበር። በዚያች ከተማ ቡና የሚያቀርብልህ እጅ ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ለጃፓን ያደረው መንግሥት ራስ ዋንግ ጂንግዌይ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1910፣ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ሳለ፣ ቤይጂንግ ውስጥ የንጉሡን እንደራሴ በቦምብ ሊገድል ሲያሤር ተይዞ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ወህኒ ሆኖ የጻፈው ግጥም በአገሩ ሁሉ ስሙን አስጠራው። በቀጣዩ ዓመት አብዮት መጣና ተፈታ፤ የሱን ያትሴን ቀኝ እጅ ሆነ። ያ ጀግና ነው በ1938 መጨረሻ ከጦርነት ዋና ከተማዋ ከቾንግቺንግ ሾልኮ ወደ ሃኖይ የወጣው፤ በመጋቢት 1940 ናንጂንግ ላይ በጃፓን ጥላ ሥር መንግሥት ያቆመው። ሃኖይ ሳለ የቺያንግ ካይሼክ ሰዎች ሊገድሉት መጥተው በስሕተት ጸሐፊውን ገድለዋል። እሱ በ1944 ጃፓን ውስጥ ታሞ ሞተ። ዛሬ በቻይና ስሙ የክህደት ሁሉ መለኪያ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ሊገድሉ የተነሡት፣ በነሱ ዕድሜ እንደነሱ ሊገድል የተነሣውን ሰው ሎሌ ነው።

የዋንግ መንግሥት የስለላ ቤት በሻንጋይ ጄስፊልድ መንገድ ቁጥር 76 ነበር። ሕዝቡ በቁጥሩ ብቻ፣ «76» ብሎ ነበር የሚጠራው። አለቆቹ ዲንግ ሞትሱንና ሊ ሺቹን ናቸው። ሁለቱም በወጣትነታቸው ኮሚኒስቶች ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ብሔርተኞቹ ገቡ፤ ከዚያ ወደ ጃፓን። ሁለት ባላ ትከል የሚለውን ተረት እነሱ ወደ ሦስት አሳድገውታል። በፊልሙ ውስጥ ያለው ሚስተር ዪ የተቀረጸው ከዲንግ ነው ተብሎ ይታመናል።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ደረስን። ዠንግ ፒንግሩ ትባላለች። አባቷ ጃፓን አገር ሕግ የተማሩ፣ በሻንጋይ ፍርድ ቤት የሚሠሩ ቻይናዊ የሕግ ሰው ናቸው፤ እናቷ ጃፓናዊት። ጃፓንኛ እንደ ቻይንኛ ትናገራለች። በ1937 በዘመኑ ዝነኛ በነበረው «ሊያንግዩ» በተባለው ባለ ሥዕል መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥታለች። ጦርነቱ ሲመጣ ከእናቷ አገርና ከአባቷ አገር አንዱን መምረጥ ነበረባት። መረጠች፤ ለብሔርተኞቹ መንግሥት የስለላ ድርጅት መሥራት ጀመረች። የጃፓን መኮንኖች ግብዣ ላይ በእናቷ ቋንቋ እየሳቀች የሰማችውን ለአባቷ አገር ታስተላልፍ ነበር።

የተሰጣት ግዳጅ ዲንግን ማጥመድ ነው። ተማሪ ሳለች ዲንግ የትምህርት ቤቷ ኃላፊ ስለነበር ለመቅረብ ሰበብ አልቸገራትም። በዲሴምበር 21 ቀን 1939 ካፖርት ግዛልኝ ብላ «ሳይቤሪያ» ወደሚባል የጸጉር ካፖርት መደብር ወሰደችው። ሰዎቿ ውጭ ይጠብቃሉ። ዲንግ በመስተዋቱ በኩል ሁኔታቸው ያላማረው ሰዎች አየ፤ ገንዘብ ባንኮኒው ላይ ወርውሮ ሮጦ ወጣ፤ ጥይት የማይበሳው መኪናው ውስጥ ገባ። የተተኮሰው ጥይት ያገኘው መኪናውን ብቻ ነው። እሷ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተያዘች። በፌብሩዋሪ 1940 ከከተማው ምዕራብ አውጥተው ረሸኗት። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ፊቴን አትምቱኝ ብላ ለመነቻቸው ይባላል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ሰውዬው ያመለጠው እሷ ስላስመለጠችው አይደለም፤ ራሱ ነቅቶ ነው። ቀለበት የለም፣ ሹክሹክታ የለም። ተይዛ አገሯን አልካደችም። አባቷ ለአዲሱ መንግሥት ካገለገሉ ልጃቸው እንደምትፈታ ተነግሯቸው እምቢ እንዳሉ ይተረካል። በ1941 ሞቱ። ወንድሟ የአየር ኃይል አብራሪ ነበር፤ እጮኛዋም እንዲሁ፤ ሁለቱም በ1944 ሞቱ። ጃፓናዊት እናቷ ከጦርነቱ በኋላ ዲንግን ከስሰው ለፍርድ ቤት አቤቱታ ጻፉ። ዲንግ በመጨረሻው ሰዓት በድብቅ ከቾንግቺንግ ጋር ታርቄያለሁ፣ ይምሩኛል ብሎ ነበር፤ በ1947 ተረሸነ።

ታዲያ ይህች ሴት እንዴት ባንዳዋን ያስመለጠች ሴት ሆነች? መልሱ ያለው ደራሲዋ ዘንድ ነው። አጭር ልብ ወለዱን የጻፈችው በ1920 ሻንጋይ የተወለደችው ዣንግ አይሊንግ ናት፤ ፈረንጆቹ ኢሊን ቻንግ የሚሏት። ጽሑፉን በ1950ዎቹ ጀምራ እየሠረዘች እየደለዘች ያሳተመችው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ጥቂት ገጾች ላሏት ታሪክ ሃያ ምናምን ዓመት! የደራሲን ሕይወት ከድርሰቱ ጋር አንድ ለአንድ ማጋጠም ሳስተምር ተማሪዎቼን የምከለክላቸው ነገር ነበር። እዚህ ላይ ግን ራሴም ልታገሥ አልቻልኩም። ዣንግ በ1944 ያገባችው ሁ ላንቼንግን ነው፤ በዋንግ ጂንግዌይ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ሹም የነበረውን። ጃፓን ስትሸነፍ ተደበቀ። ፈልጋው ሄደች፤ ከሌላ ሴት ጋር አገኘችው። በ1947 ፊልም ጽፋ ካገኘችው ገንዘብ ከመለያያ ደብዳቤ ጋር ላከችለትና ተፋቱ። አገሯ ባንዳ ያለውን ሰው መውደድ ምን እንደሆነ በወሬ የሰማች አይደለችም።

ልብ ወለዱ ላይ ግን ባንዳውን አልማረችውም። የመጨረሻዎቹን ገጾች የሞላችው በሱ ሐሳብ ነው፤ የገደላትን ልጅ አሁን ለዘላለም የኔ ሆነች እያለ ሲረካ እናየዋለን። ገላዋን ከወሰደ፣ ሕይወቷን ከወሰደ በኋላ ትዝታዋንም ንብረቱ አደረገው። አንግ ሊ እዚህ ላይ ራራ። የሱ ሚስተር ዪ ባዶ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ቶኒ ሊዩንግ ይህን ሲጫወት ድንቅ ነው፤ ችግሩም ድንቅ መሆኑ ነው። ተመልካቹ ለገዳዩ እንባ አዝኖ ይወጣል። እኔ ከሁለቱ የደራሲቷን መጨረሻ እመርጣለሁ።

የሟቿ ቤተሰብ ግን የልብ ወለድ ውበት ምናቸው ነው? ፊልሙ በ2007 ሲወጣ አሜሪካ የሚኖሩ የዠንግ ፒንግሩ እህት፣ በእርጅና ዕድሜያቸው፣ ጋዜጠኞች ሰብስበው ተቃውሟቸውን አሰሙ። እህቴ ለአገሯ የሞተች እንጂ ለጠላት የተሸነፈች አይደለችም ነው ነገሩ። ፊልም ሠሪዎቹ፣ ይህ ልብ ወለድ ነው ብለው ሊመልሱ ይችላሉ፤ ሕጉም ከነሱ ጋር ይሆናል። ግን ፍርድ ቤት የማይዳኘው ዕዳም አለ። እውነተኛዋን ሴት ከቻይና ውጭ የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነበር፤ ፊልሙን በዓለም ዙሪያ ብዙ ሕዝብ አየው። ያልተናገረችውን ቃል አፏ ውስጥ የከተቱባት ሰው መልስ መስጠት አትችልም። ታሪክን የሚነካ ደራሲ ሁሉ ይህ ጥያቄ ያለበት ይመስለኛል፤ እኛ ዘንድም ያለ ጥያቄ ነው።

እኛን ካነሣሁ አይቀር «ባንዳ» የሚለውን ቃል ልመልከተው። ቃሉ ራሱ የጣሊያን ነው፤ ለነሱ የተዋጋውን ያገሬው ተወላጅ ጭፍራ የሚጠሩበት ነበር። ቻይናውያን «ሃንጂየን» ይላሉ፤ የሃን ሕዝብ ከሃዲ ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት አንዴ ከተለጠፉ አይላቀቁም። ይሁንና የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ሁለት ወጣቶች አንዱ አብርሃ ደቦጭ በጣሊያኖች መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር። እስከዚያች ዕለት ጠዋት ድረስ በመንገድ ያየው ሰው ምን ይለው ነበር? ቦምቡ ባይፈነዳ ኖሮ በታሪክ ምን ተብሎ ይጻፍ ነበር? ጠላትን መስሎ የገባ ሰው የማንነቱ ምስክር አንድ እፍኝ ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። እነሱ ከሞቱ ወይም ዝም ካሉ ማስክ የነበረው ፊት ሆኖ ይቀራል። ፒንግሩን ከዚህ ያዳናት ቤተሰቧ ዝም አለማለቱ ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ይበልጥ ይቀርበናል። ሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» በተባለው ትዝታዋ የኢሕአፓን ወጣቶች ሕይወት ጽፋለች። እዚያም የኅቡዕ ስም አለ፣ ቤትን ጥሎ መውጣት አለ፣ ፍቅር አለ። የምትወደው ጌታቸው ማሩ የሞተው በደርግ እጅ አይደለም፤ የገዛ ድርጅቱ አንጃ ብሎ አስሮ ገደለው። ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሽማግሌው ዉ ደብዳቤውን ሲያቃጥል አይደነግጥም። ድርጅት ከሰው ስሙን ይወስዳል፣ ሰውነቱን ይወስዳል፣ ፍቅሩን ይወስዳል፤ ሁሉንም የሚወስደው በአገር ስም ነው። አገሪቱ እውነት ተይዛ ሊሆን ይችላል፤ ጠላቱ እውነት ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ ቻይና ውስጥም ነበር። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ዓላማው እውነት ስለሆነ ማንም ሒሳብ አይጠይቅም።

እንግዲህ የወዳጄን ፍርድ በዚህ እመዝነዋለሁ። ጂያዥ ከድታለች። ነገር ግን ታማኝነት የሁለት ወገን ውል ከሆነ፣ ውሉን መጀመሪያ ያፈረሰው ማነው? ዝም ያለው ኩዋንግ ነው? ደብዳቤ ያቃጠለው ዉ ነው? በፊልሙ መጨረሻ ገደማ የሚስተር ዪ ጸሐፊ ተማሪዎቹን ከቀደም ብለው ይከታተሏቸው እንደነበር ይናገራል። ማለትም እሷ ዝም ብትልም ሊያዙ ይችሉ ነበር። ይህ ከደሟ ነጻ አያወጣትም። ግን በዚያ ሱቅ ውስጥ፣ በስንት ዓመት አንዴ፣ ሰው መሆኗን ያየ መሰላት። የተሳሳተ ሰው ነበር ያያት። ትክክለኞቹ ሰዎች ያን ያህል ጊዜ የት ነበሩ?

ነገሩ በፊልሙ አላበቃም። ፊልሙ ቻይና ውስጥ «ባንዳን ያሞገሰ» ተብሎ ሲወገዝ በ2008 ቅጣቱ የወረደው በማን ላይ ይመስላችኋል? በዳይሬክተሩ አይደለም፤ ባንዳውን በተጫወተው ዝነኛ ተዋናይም አይደለም። በመጀመሪያ ፊልሟ ጂያዥን በተጫወተችው በታንግ ዌይ ላይ ነው። የማስታወቂያ ሥራዎቿ ከቴሌቪዥን ወረዱ፤ ለተወሰነ ጊዜ በአገሯ ሥራ አጣች። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ታላቅ ተዋናይት ለመሆን በቅታለች። ግን አያስገርምም? በልብ ወለዱ ለአገር ፍቅር ገላዋን ያስከፈሏት ልጅ፣ በእውነቱ ዓለምም ያችኑ ልጅ በመጫወቷ ሒሳቡን ብቻዋን ከፈለች።

ባለፈው ሰሞን ወዳጄ ቤት ሄጄ የዠንግ ፒንግሩን ታሪክ አጫወትኩት። ደስ አለው። «አየህ! እውነተኛዋ አልከዳችም። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ ታማኝ ሰው እስከ መጨረሻው ታማኝ ነው» አለ። ባለቤቱ እንደ በፊቱ ሲኒ እየለቀመች ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ቀና ብላ ጠየቀችው፦

«ታስራ በነበረ ጊዜ ድርጅቷ ምን አደረገላት? አባትየው እንኳ እምቢ ሲሉ ልባቸው እየደማ ነው፤ በዓመቱ ሞቱ አላላችሁም? የላኳትስ?»

ወዳጄ መልስ ፍለጋ እኔን አየኝ። እኔም የማውቀውን ሁሉ ነግሬው ጨርሼ ነበር።